የኪሳራ ገደብና የካርቱም ገበያ

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ፥ አክሲዮን ገዝቶ በጥቂት ቀን ውስጥ በመሸጥ ማትረፍ ይቻል እንደ ሆነ በየቤቱ መነጋገሪያ መሆኑ አይቀርም። ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም፤ ጎረቤታችን ካርቱም የአክሲዮን ገበያዋን ሥራ ያስጀመረችው በጥር 1987 ዓ.ም.፥ ከእኛ 30 ዓመት ቀድማ ነውና።

የዚህ ንግድ ዘዴ ባጭሩ እንዲህ ነው። ነጋዴው የአክሲዮኑን ዋጋ በየቀኑ በመስመር እየሣለ ይመለከታል። ዋጋው ደጋግሞ ወርዶ የሚመለስበትን ስፍራ ወለል፥ ደጋግሞ ወጥቶ የሚቆምበትን ጣሪያ ይለዋል። መስመሩ ሁለት ጊዜ ወርዶ ሁለት ጊዜ ተመልሶ የንጉሡን «ሠ» መልክ ሲይዝና የመካከሉን ጫፍ አልፎ ሲወጣ፥ ገና ከፍ ይላል ብሎ ይገዛል። ግምቱ ሊስት ስለሚችል ግን፥ ዋጋው ይህን ያህል ቢወርድ እሸጣለሁ ብሎ ከመግዛቱ በፊት ቁርጥ ያደርጋል፤ ይህም የኪሳራ ገደብ ይባላል።

100,000 ብር ያለው ሰው በአንድ ግዢ ከ1,000 ብር በላይ ላለመክሰር ወሰነ እንበል። አክሲዮኑን በ200 ብር ገዝቶ ገደቡን 190 ቢያደርግ፥ ካንዱ የሚከስረው 10 ብር ነውና ከ100 አክሲዮን በላይ ሊገዛ አይገባውም (የደላላው ክፍያ ሳይቆጠር ማለታችን ነው)። ብዙው ሰው ግን ሒሳቡን የሚጀምረው ስንት ልግዛ ከማለት እንጂ ስንት ብከስር እችላለሁ ከማለት አይደለም።

ይሁን እንጂ ገደቡ የሚሠራው በዚያ ዋጋ የሚገዛ ሰው ሲገኝ ብቻ ነው። በካርቱም ንግዱ ያዘነበለው ወደ ቴሌፎኑ ኩባንያ ወደ ሱዳቴልና «ሸሃማ» ወደሚባሉት የመንግሥት ሰነዶች ነበር። ገዢ በማይበዛበት አክሲዮን ላይ የዋጋው መስመር ቀጥ ብሎ ሲታይ ጸጥታ ይመስላል፤ ነገሩ ግን የገዢ መጥፋት ነው። በ190 እሸጣለሁ ያለው ሰው የሚቀጥለውን ገዢ በ150 ቢያገኝ፥ ኪሳራው 1,000 መሆኑ ቀርቶ 5,000 ብር ይሆናል።

ሌላም መታለያ አለ። የሱዳን መንግሥት የካቲት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ለ1 ዶላር 55 ፓውንድ ገደማ የነበረውን የባንክ ምንዛሪ 375 ፓውንድ አደረገው። በፓውንድ የተሣለ መስመር ሽቅብ ሲወጣ ከፊሉ የኩባንያው ብርታት፥ ከፊሉም የገንዘቡ መርከስ ሊሆን ይችላል፤ ሥዕሉ ግን ሁለቱን አይለይም። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት በእኛም አገር ይህ ሊታሰብበት ይገባል።

ከሁሉ የከበደው የመጣው በኋላ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ውጊያ ሲነሣ ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። የሱዳን የሥራ ሳምንት ከእሑድ እስከ ሐሙስ ስለ ሆነ፥ ሐሙስ ማታ አክሲዮኑን ይዞ ወደ ቤቱ የገባ ሰው እሑድ ጧት የሚሸጥበት ገበያ አላገኘም። ገደቡ በወረቀት ላይ እንደ ተጻፈ ቀረ። ቤተሰቡን ይዞ ወደ መተማም ሆነ ወደ ሌላ ጠረፍ ለመሸሽ የተነሣ አባወራ ያን ቀን የሚያስፈልገው ለመኪና የሚከፍለው ጥሬ ገንዘብ ነበር፤ አክሲዮን ግን ለሾፌር አይከፈልም።

ስለዚህ ለዚህ ንግድ የሚመደበው ገንዘብ ከልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፥ ከቤት ኪራይና ከመድኃኒት ብር ፈጽሞ የተለየ ይሁን። የመግዣው ዋጋ፥ የመሸጫው ገደብና የአክሲዮኑ ብዛት ከግዢው በፊት በቀለም ይጻፍ። ወረቀቱንም የሚይዘው ገዢው ሳይሆን የትዳር ጓደኛው ቢሆን ይሻላል፤ ዋጋው መውረድ ሲጀምር «ነገ ይመለሳል» እያለ ገደቡን ዝቅ የሚያደርገው ራሱ ገዢው ነውና።