የድሪቶው ፊት አለቀ፤ የከረጢቱ ዋጋ ግን አከራከረን



  የጀመርናቸው ሦስት የእጅ ሥራዎች፣ ማለትም ድሪቶው፣ ሹራቡና የገበያ ከረጢቱ፣ ከምን እንደደረሱ የጠየቃችሁን እህቶች አላችሁና በዛሬው ዝግጅታችን የሦስቱንም ሁኔታ እንነግራችኋለን። ሁለቱ የመርፌና የክር ጉዳይ ብቻ ናቸው። ሦስተኛው ግን ከመርፌና ከክር አልፎ ስድስታችንን ለሁለት የከፈለ ክርክር አስነሥቷልና እሱ ላይ ጥቂት እንቆያለን።

ከድሪቶው እንጀምር። ፊቱ ተጋጥሞ አልቋል። በጠቅላላው 300 ቁራጭ ነው። እያንዳንዱን 12 በ12 ሴንቲ ሜትር ቆርጠን በየጎኑ አንድ አንድ ሴንቲ ለስፌት ስለተውንለት ሲሰፋ 10 በ10 ይወጣል፤ 15 በወርድ፣ 20 በቁመት ሲጋጠም አንድ ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር የሆነ የአልጋ ልብስ ይሆናል። ጨርቁን የለቀምነው ከልብስ ሰፊዎች ዘንድ ነው። ከመቀስ የተረፈው ቁራጭ በማዳበሪያ ታጭቆ ሊጣል ሲል ስጡን ብንላቸው ደስ እያላቸው ሰጡን። የፈጀብን መስፋቱ ሳይሆን መለየቱ ነበር። ጥጡና ሰው ሠራሹ ጨርቅ ተቀላቅሎ የተሰፋ እንደሆነ በመጀመሪያው እጥበት ጥጡ ያጥራል፣ ሰው ሠራሹ ባለበት ይቀራል፤ ያን ጊዜ የአልጋ ልብሱ ፊት ይጨማደድና ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። መለያው ቀላል ነው። ከጨርቁ ጫፍ አንዲት ክር መዝዛችሁ በክብሪት ለኩሷት። ጥጥ ከሆነች እንደ ወረቀት ነዳ ዐመድ ትሆናለች፤ ሰው ሠራሽ ከሆነች ቀልጣ ጫፏ ላይ እንደ ዶቃ ትደርቃለች። እኛ የወሰድነው ጥጡን ብቻ ነው፤ እሱንም ሳንቆርጠው አስቀድመን አጥበነዋል።

ከመካከል ያደረግነው ያረጀ ጋቢ ነው፤ ከሥር አሮጌ አንሶላ። ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዘው ውስወሳ በቁራጮቹ መጋጠሚያ ላይ የሚሄድ ሲሆን በቁመት 14፣ በወርድ 19፣ በድምሩ 33 መስመር ነው። እስከ አሁን 11 ጨርሰናል። የምንወሰውሰው ከመካከል ወደ ዳር ነው። ከዳር ወደ መካከል የጀመረ ሰው ትርፍ ጨርቁ መሐል ላይ ተሰብስቦ ጉብ ይልበታል፤ ያንን ማቃናት ደግሞ ከመፍታት በቀር መላ የለውም።

በነገራችን ላይ ድሪቶ የሚለው ስም ስድብ ሆኖ መቅረቱ አይዋጥልንም። «ድሪቶ ለባሽ» ስንባባል ያደግን ስለሆነ ከእኛ መካከል እንኳን አንዷ እህት «ሌላ ስም እናውጣለት» ብላ ነበር። ስሙን አልለወጥነውም። የባንግላዴሽና የምዕራብ ቤንጋል ሴቶች ካንታ የሚሉት የአልጋ ልብስ ከዚሁ የተለየ አይደለም። ያረጁ ሳሪዎችን ይደራርባሉ፤ ክሩንም ድሮ የሚያወጡት ከሳሪው ጠርዝ እየመዘዙ ነበር፤ ስፌቱ ይኸው የእኛው ውስወሳ ነው። በዚሁ ውስወሳ አበባና ዛፍ፣ አልፎም የኑሯቸውን ታሪክ ይሥሉበታል። በአሜሪካም አላባማ ውስጥ ጊዝ ቤንድ በምትባል መንደር፣ ቅድመ አያቶቻቸው በባርነት የኖሩ ጥቁር ሴቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስ የሰፏቸው ድሪቶዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ኒው ዮርክ ከሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ታይተዋል። እኛ ሙዚየም አንመኝም። የክረምቱን ሌሊት የሚያሳልፍ ሙቀት ይበቃናል።

ወደ ሹራቡ እንለፍ። ይህ ደባርቅ ለሚማረው የእህታችን ልጅ የታሰበ ነው። የማክሰኝትን ብርድ በጋቢ ማለፍ ይቻላል፤ የደባርቅ ብርድ ግን ሌላ ነው። አዲስ የሱፍ ክር ለመግዛት ዋጋው ስላልተቻለ ከውራጅ ተራ አንድ ትልቅ የሰው ሹራብ ገዝተን ፈታነው። ሊፈታ የሚገዛ ሹራብ ሲመረጥ የውስጥ መጋጠሚያውን ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። ጠርዙ ተቆርጦ በማሽን የተዘመዘመ ከሆነ ተዉት፤ ሲፈታ ክሩ በየዙሩ እየተበጠሰ ይወጣል። ጠርዙ ሳይቆረጥ እንደተሠራ ያለ ከሆነ ግን ከአንገቱ እስከ ታች ባንድ ክር ይወርዳል። የተፈታውን ክር በወንበር መደገፊያ ላይ ጠቅልለን፣ አራት ቦታ ላላ አድርገን አስረን፣ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ አጥበን ጥላ ላይ ሰቀልነው። ሲደርቅ ሽብሽቡ ሁሉ ወጥቶለት ነበር።

በፈታንበት ቀን ጎረቤታችን እትዬ ቡና ላይ ነበሩ። አንድ በእጁ የተሠራ ነገር ሲፈርስ ማየት የማይወዱ እናት ናቸውና «ልጆቼ፣ ፈትላ ካጠነከረች በኋላ ፈትሏን መልሳ እንደበታተነችው ሴት አትሁኑ ተብሎ የለም እንዴ?» አሉን። ሱረቱ ነሕልን ማስታወሳቸው ነው። እኛም አንቀጹ የሚናገረው መሐላን ስለማፍረስ መሆኑን፣ ይህ ፈትል ደግሞ የሚፈታው እንደገና ሊሠራ መሆኑን ብንነግራቸው ስቀው «እንግዲያስ ሳታጠናቅቁት ብትተዉት ነው ያንን የምትመስሉት» ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ መጥተው ያዩታል።

ክሩን በሱቅ ሚዛን ስንመዝነው 340 ግራም ሆነ። የጀርባው ክፍል አልቆ 95 ግራም በልቷል። ፊቱም ያንኑ ያህል፣ ሁለቱ እጅጌ ደግሞ በግምት 120 ቢፈጁ 310 ይሆናልና ለአንገቱ 30 ግራም ይተርፈናል ማለት ነው። ፊቱ ብብቱ ጋ ደርሷል። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እጅጌውን እንይዛለን።

አሁን ወደ ከረጢቱ እንመለስ። እንደምታውቁት የገበያ ዘንቢል ከቤታችን የጠፋው ፌስታል ከመጣ ወዲህ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን ራሱን የሚከለክል የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ዐዋጅ አጽድቋል። የጨርቅ ከረጢት ፈላጊ የበዛውም ከዚህ በኋላ ነው። እኛም ወርዱ 150 ሴንቲ ከሆነ ወፍራም ጥጥ ጨርቅ መሥራት ጀመርን። ልኩን ለጠየቃችሁን እነሆ፦ ከአንድ ሜትር ጨርቅ 42 በ50 የሆኑ ስድስት ገጾች ይወጣሉ፤ ይኸውም ሦስት ከረጢት ነው። ከጎን የሚተርፈው 24 ሴንቲ ስፋት ያለው ቅዳጅ ሲከፋፈል 8 በ50 የሆኑ ስድስት ማንገቻዎች ይሆናል። የሚጣል ጨርቅ የለም። ማንገቻው በከረጢቱ አፍ ላይ ሲሰፋ አራት ማዕዘን ተሰፍቶ መካከሉ በመስቀለኛ ካልታሰረ ሽንኩርት የተሸከመ ዕለት ይገነጠላል።

አንድ ነጋዴ ሥራውን አይቶ ወደደውና 60 አዘዘን። ያቀረበው ውል ግን እንዲህ ነበር፦ ጨርቁን እኛ እንድንገዛ፣ ሠርተን ሱቁ እንድናስቀምጥ፣ ሲሸጥም ሂሳቡን እንዲሰጠን። ዋጋውን እሱ ቆርጧል። ማታውኑ ደብተር ይዘን ተቀመጥን። አንድ ከረጢት ከመቁረጡ እስከ ማንገቻው በሰዓት ስናየው 40 ደቂቃ ይወስዳል። 60ው 40 ሰዓት ይሆናል፤ በቀን 8 ሰዓት ብንሠራ አምስት ሙሉ ቀን ነው። ከነጋዴው ዋጋ ላይ የጨርቁንና የክሩን ስንቀንስ ለአምስቱ ቀን የተረፈን ገንዘብ አንድ የጉልበት ሠራተኛ በሁለት ቀን የሚያገኘውን አይሞላም ነበር።

ክርክሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ከስድስታችን አምስታችን ወይ ደመወዝ አለን፣ ወይ ባሎቻችን ሱቅ አላቸው። ሦስት እህቶች «ይሁን፤ ቁጭ ብሎ ከማውራት ይሻላል፣ ጊዜ ማሳለፊያ ነው» አሉ። ስድስተኛዋ እህታችን ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ናት፤ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ያን ማታ ግን «ለእናንተ ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ ለኔ የጤፍ ነው። እናንተ በዚህ ዋጋ ከተቀበላችሁ ነገ እኔ ብቻዬን ስሄድ ከዚህ በላይ ማን ይሰጠኛል?» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ።

ይህ ጥያቄ በእኛ የተጀመረ አይደለም። ጎንደር ላይ የሽመና ሙያ በእስላሙ ኅብረተሰብ እጅ የኖረ ሙያ መሆኑን ታላላቆቻችን ያወጉናል። ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1668 ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ካስወሰኑ በኋላ በአዲስ ዓለም ሰፈር ንግድና ሽመና ኑሮ ሆነዋል። ሸማኔው ወንድ ነው፤ ፈታይዋ ሴት ናት። ጥጡን በመዳመጫ ፈልቅቃ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትላ ልቃቂት እስክታደርስ ድረስ ያለው ሥራ ሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ከሚሠራው ጊዜ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ሸማው ሲሸጥ ግን የሸማኔው እጅ ዋጋ ይቆጠራል፤ የፈታይዋ «የቤት ሥራ» ተብሎ ይታለፋል። ጊዜ ማሳለፊያ የሚለው ቃል የዚያ ታናሽ ወንድም ነው ብንል አናጋንንም።

የሲሸጥ እከፍላለሁ ነገርም እንዲሁ ነው። ቅድም የጠቀስናት ባንግላዴሽ ውስጥ ማኒክጋንጅ በተባለ አውራጃ የሐር ሥራ የጀመሩ ሴቶች ነበሩ። የሚገዟቸው ዳካ ያሉ ጥቂት ባለ ሱቆች ብቻ ስለነበሩ ዕቃውን ባስረከቡና ገንዘባቸውን ባገኙ መካከል ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፉ ነበር። ያደራጃቸው ብራክ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1978 አሮንግ የሚባል የራሱን ሱቅ የከፈተው ሴቶቹ ባስረከቡ ጊዜ እንዲከፈላቸው ብሎ ነው። ዛሬ ካንታውም ሳይቀር የሚሸጥበት ትልቅ የንግድ ቤት ሆኗል። ስድስት ሴቶች አንድ የእግር ሲንጀር ይዘን ሱቅ እንከፍታለን ማለታችን አይደለም። ደሃ ሴት ዕቃዋን በዱቤ ሰጥታ መጠበቅ እንደማትችል ግን ከዚያ በላይ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ለነጋዴው ያቀረብነው ሐሳብ ልብስ ሰፊዎች ሁልጊዜ የሚሠሩበትን ነው፦ ጨርቁን ራሱ ያምጣ፣ እኛ የእጃችንን ብቻ እናስከፍል፣ ክፍያውም በርክክብ ቀን ይሁን። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የዱቤን ውል በጽሑፍና በምስክር ስለማድረግ የሚናገረው የሱረቱል በቀራ አንቀጽ መሆኑን ነጋዴውም እኛም ስለምናውቀው ወረቀት ሲወጣ ማንም ቅር አላለውም። «እህቶቼ፣ እኔ እኮ ለማገዝ ብዬ ነው» አለ። እንዲያግዘን የፈለግንበትን መንገድ ነገርነው። ሁለት ቀን አስቦ በእጅ ዋጋው ላይ ጥቂት ተከራክሮ ተስማማ። ከጠየቅነው ትንሽ ዝቅ ያለ ነው፤ ከመጀመሪያው ግን እጥፍ ይደርሳል።

ለሙከራ 7 ሜትር ጨርቅ አመጣ፤ 21 ከረጢት ወጣው። የፈጀውም 14 ሰዓት ነው። ማን ስንት ሰዓት እንደሠራ በደብተሩ ስለጻፍን ክፍያውን ያካፈልነው በራስ ቁጥር ሳይሆን በሰዓት ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ የክርና የመርፌ ዋጋ ተነሥቷል። ያቺ እህታችን ከ14ቱ ሰዓት 6ቱን ሠርታ ነበር፤ የ6ቱን ወሰደች። «ጊዜ ማሳለፊያ ነው» ካሉት እህቶች አንዷ ድርሻዋን ስትቀበል ሁለት ጊዜ ቆጠረችው።

ለቀሩት 39 የሚሆነውን 13 ሜትር ጨርቅ ነጋዴው ገና አላመጣም። ማሽኑን አጽድተን ዘይት ቀብተነዋል። እስኪያመጣ ድረስ በድሪቶው ላይ የቀሩት 22 መስመሮች አሉን።