ደንገጎ ሲዘንብ ደቻቱ ይሞላል

የድሬዳዋ ሰው ጎርፍን የራሱን ሰማይ እያየ ከጠበቀ ይቀደማል። ከባዱ ዝናብ የሚጥለው ከከተማው በላይ ባለው ደንገጎ ጋራ ላይ ነው፤ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል የደቻቱ ወንዝ ሊሞላ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም. ውሃው ሕዝቡ በተኛበት ደርሶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ፤ ሺዎችን ከቤታቸው አፈናቀለ። በበጋ ያው ወንዝ ደረቅ አሸዋ ነው፦ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ያንከባልሉበታል፣ ነጋዴ ሸራውን ይዘረጋበታል። አደጋውን የሚያስረሳንም ይኸው ነው። በሚያዝያ 2012ም ከተማዋን ጎርፍ መትቷት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። የመከላከያ ግንብ መሥራቱ ደግ ነው። እኔ አጥብቄ የምጠይቀው ግን ጋራው ላይ ያለ ገበሬ ዝናቡ ሲከብድ ሲደውል፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ስልኩን አንስቶ ወንዝ ዳር ያለውን ነዋሪ የሚቀሰቅስ ሰው በየቀበሌው እንዲመደብ ነው።