የበቆሎው ቫይረስ የሚሠራው በበቆሎው መሣሪያ ነው

ሌታል ኔክሮሲስ የተባለው የበቆሎ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 በኬንያ ከታየ በኋላ በ2014 በአገራችንም መገኘቱ ይታወሳል። በሽታው የሁለት ቫይረሶች ሥራ ነው። የበቆሎ ክሎሮቲክ ሞትል ቫይረስና አብዛኛውን ጊዜ የሸንኮራ አገዳ ሞዛይክ ቫይረስ በአንድ ተክል ላይ ሲገናኙ ማሳውን እስከ ማውደም ይደርሳሉ።

ብዙዎች የሚጠይቁት ‹‹ምን ይረጭበት?›› ብለው ነው። ፀረ ተባይ የሚያዛምቱትን ነፍሳት ይቀንስ ይሆናል፤ ቫይረሱን ግን አይነካም። ለምን ቢባል፣ ቫይረሱ የራሱ ፋብሪካ የለውም። የሸንኮራ አገዳ ሞዛይክ ቫይረስ የሚገኝበት ቤተሰብ የሚሠራቸው ፕሮቲኖች ከአሥር ብዙም አይበልጡም። የቀረውን ሁሉ ከሰብሉ ይዋሳል። ተክሉ ፕሮቲን ማምረት ሲጀምር ትእዛዙን የሚቀበልለት ኢአይኤፍ4ኢ የተባለ ፕሮቲን አለው። ቫይረሱ የራሱን ፕሮቲን እንደ ሐሰተኛ መታወቂያ አንግቦ እዚህ በረኛ ላይ ይጣበቅና ፋብሪካውን ለራሱ ያሠራል።

በረኛው ቅርጹን ጥቂት ከለወጠስ? ተክሉ ሥራውን ይቀጥላል፣ ቫይረሱ ግን በር ላይ ይቀራል። አንዳንድ የበርበሬ ዝርያዎች ሞዛይክን የሚቋቋሙት በዚህ ምክንያት መሆኑ የታወቀው በ2002 ነው። አርቢዎች ምስጢሩን ሳያውቁ ለዓመታት ተጠቅመውበታል!

ይሁንና ነገሩን እንደ መጨረሻ መፍትሔ የሚያቀርቡ ወገኖች ሲበዙ እጠራጠራለሁ። በ2019 ይፋ በሆነ ጥናት ተመራማሪዎች በካሳቫ ላይ የዚህን ፕሮቲን ሁለት ዘመዶች በጂን አርትዖት ቢያጠፉም በሽታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። በርበሬም ላይ ቢሆን ቫይረሱ መታወቂያውን ለውጦ የገባባቸው አጋጣሚዎች አሉ።

እኛ ዘንድ ክርክሩ ‹‹ዘረመል የተለወጠ ዘር ይግባ ወይስ አይግባ›› ላይ ይቆማል። በእኔ እምነት ከዚያ የሚቀድም ሥራ አለ። ክሎሮቲክ ሞትል ቫይረስ በጥቂቱም ቢሆን በዘር ይተላለፋል፤ ከዚያ ትሪፕስ የተባለችው ጥቃቅን ነፍሳት ከተክል ወደ ተክል ታደርሰዋለች። ስለዚህ የሚሸጠውን የበቆሎ ዘር ከመከፋፈሉ በፊት የሚፈትሽ ላብራቶሪና ባለሙያ፣ ከበቆሎ ቀጥሎ ባቄላ ወይም ድንች የሚዘራ ገበሬ ያስፈልገናል። የተሻሻለው ዝርያ ሲመጣም ቢሆን ቫይረሱ ለውጡን ዞሮ እንዳያመልጥ የሚከታተለው ይኸው ላብራቶሪ ነው።