ማብሪያ ማጥፊያው «ቀጭ» ካላለ አትግዙት



ባለፈው እማዬ ቤት ስሄድ የሳሎኑ ማብሪያ ማጥፊያ ፕላስቲኩ ቀልጦ፣ ግድግዳው ላይ ጥላሸት ለጥፎ አገኘሁት። «ሲንጣጣ ሰንብቷል» አለችኝ፣ እንደ ቀላል ነገር! ፈታሁት። ውስጥ ያሉት የመዳብ ጫፎች ከስለዋል። ሞላዋ ስስ ናት፤ ጣቴን መሀል ላይ ሳቆም እሷም አብራኝ መሀል ላይ ትቆማለች። ጥፋቱ እዚህ ጋ ነው።

220 ቮልት ተሸክመው የተነካኩ ብረቶች ሲለያዩ ኤሌክትሪኩ ወዲያው አይቆምም። ክፍተቷ ጠባብ እስከሆነች ድረስ በአየሩ ውስጥ እየዘለለ ብልጭታ ይሠራል። ሙቀቱ በብዙ ሺህ ዲግሪ የሚቆጠር ነው፤ መዳብ ደግሞ በ1085 ይቀልጣል። ስለዚህ ብረቶቹ ቶሎ መራራቅ አለባቸው። የሰው ጣት ግን ዘገምተኛ ነው፤ እማዬማ ኤሌክትሪክ ስለምትፈራ ቀስ አድርጋ ነው የምትነካው። እ.ኤ.አ. በ1884 ጆን ሄንሪ ሆልምስ የሚባል የኒውካስል መሐንዲስ ሥራውን ከጣት ወስዶ ለሞላ ሰጠው። ጣት ሞላውን መወጠር ብቻ ነው ድርሻው። ከመሀል ሲያልፍ ሞላው ራሱ ተፈናጥሮ ብረቶቹን በአንድ ጊዜ ያላቅቃቸዋል። ቀስ ብትሉም ብትፈጥኑም ለሱ ያው ነው።

የማስመሪያው ሙከራ ትዝ ይላችኋል? በሁለት መዳፍ ገፍታችሁ ታጎብጡትና ሆዱን በአውራ ጣት ስትገፉት ጧ ብሎ ወደ ሌላው ጎን ይገለበጣል፣ መሀል ላይ አይቆምም። (ሁለት ማስመሪያ የሰበረው ልጅ ራሱን ያውቃል።)

ጎበዝ ተማሪ «ቲቸር፣ ኤሲ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ ብልጭታው ራሱ ይጠፋል» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው። ግን መሀል ላይ ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ጫፍ መልሶ መላልሶ ይለኩሰዋል። ደግሞ የኛን ከፍታ አትርሱ። ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሠራው እስከ 2000 ሜትር ታስቦ ነው፤ መሐል ሜዳ ከ3000 በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ብልጭታን የመከልከል አቅሙም ይቀንሳል።

እውነቱን ለመናገር እኛ መምህራንም ጥፋተኞች ነን። ስዊች ሲባል ሰሌዳ ላይ አንድ ሰያፍ መስመር ስለን እናልፋለን። አንድ የተቃጠለ ማብሪያ ማጥፊያ ክፍል ውስጥ ፈቶ ማሳየት ምን ያስወጣል? ምንም! ልጁ አባቱ ገበያ ሲወጣ አብሮ ሄዶ ይመርጥ ነበር።

ሱቅ ስትገቡ ቀለሙን ተዉትና ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑት። መሀል ላይ ከተቀመጠላችሁ መልሱለት። ባለሱቁ ቢቆጣም ይቆጣ።

ምጣድንማ በአምፖል ማብሪያ ማጥፊያ እንዳትሞክሩት። 3500 ዋት ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። እንጀራ ሲያልቅ ሶኬቱን መንቀልም ያው ነው፤ እዚያ ምንም ሞላ የለም፣ የእጃችሁ ፍጥነት ብቻ ነው ያለው። መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ፣ ከዚያ ንቀሉ።