ከሜዳ ልምምድ ወደ አየር ጤና መንገድ፦ ለማጅ አሽከርካሪዎችና የእግረኞች ደኅንነት

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና የሚወስደው መንገድ አመሻሽ ላይ ልምድ ላለው አሽከርካሪ እንኳ ፈታኝ ነው። ወደ ጅማ የሚያመሩ ከባድ ተሽከርካሪዎችን፣ ተሳፋሪ ለማንሳት ድንገት የሚቆሙ ታክሲዎችንና በመካከላቸው የሚሻገሩ እግረኞችን በአንድ ጊዜ መከታተል ይጠይቃል። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚሠለጥኑ ብዙ ነዋሪዎች ግን ይበልጥ የሚጨነቁት በሜዳ ላይ በተተከሉ ዘንጎች መካከል መኪናን ወደ ኋላ ስለማስገባት ነው።

ይህ ችሎታ አላስፈላጊ ነው ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው፤ ዘንግ ደግሞ ሳይታሰብ መንገድ አያቋርጥም። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አሽከርካሪ አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢወስድበት መኪናው 8 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ50 ኪሎ ሜትር ግን 14 ሜትር ያህል። ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚያስፈልገው ርቀት ደግሞ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይጨምራል፤ በክረምት ርጥብ አስፋልት ላይ ከዚህም ይብሳል። ይህ በሜዳ የሚለመድ ጉዳይ አይደለም።

የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ፈቃድን ከሥልጠናና ከፈተና ጋር ያስተሳሰረው በዚሁ ምክንያት ነው። ያልተሰጠ የሥልጠና ሰዓት እንደተሰጠ ተቆጥሮ ሲፈረም ሠልጣኙ ጊዜ የቆጠበ ይመስለዋል፤ የሚቀርበት ግን አብዛኛውን ጊዜ የመንገድ ላይ ልምምዱ ነው። ስለሆነም ተገልጋዮች ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት የማሠልጠኛ ተቋሙን ሕጋዊ ፈቃድ እንዲመለከቱ፣ በመንገድ ላይ የሚሰጠው ልምምድ ስንት ሰዓት እንደሆነ እንዲጠይቁ፣ ባልወሰዱት ሰዓት ላይም እንዳይፈርሙ ይመከራል።

ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 ፈቃድን በደረጃ መስጠት ስትጀምር አዲስ አሽከርካሪዎች ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ብቻቸውን እንዳያሽከረክሩ ከልክላ ነበር። አዲስ ፈቃድ ያገኘ የኮልፌ ነዋሪም በመጀመሪያዎቹ ወራት ምሽት ላይ ልምድ ያለው ሰው አጠገቡ ቢያስቀምጥ ከልካይ የለውም።

ነባር አሽከርካሪዎችም ድርሻ አላቸው። ዳገት ላይ ሞተሩ የጠፋበትን ለማጅ ከኋላ ሆኖ በጥሩምባ ማዋከብ መኪናውን ቶሎ አያስነሳውም፤ እንዲያውም ለማጁ ደንግጦ ፍሬኑን ከለቀቀ መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተታል።