ባለቤት የሌለው «አልተቻለም»

ስለ ጦርነት በሚሠራ የአማርኛ ዜና ማሳረጊያ ላይ፣ በደብዳቤ ግርጌ እንደሚያርፍ ማኅተም፣ «ይህንን መረጃ ከገለልተኛ ወገን ማረጋገጥ አልተቻለም» የምትል ዐረፍተ ነገር መለጠፍ ወግ ከሆነ ሰንብቷል። አርታኢዎች ይህችን ከእንግሊዝኛ ዜና ተተርጉማ የገባች ዐረፍተ ነገር የገለልተኝነት፣ ማለትም ከተፋላሚዎቹ ለአንዱም ያለማድላት፣ የምስክር ወረቀት አድርገው ስለሚቆጥሯት፣ እርሷ ከተጻፈች ወዲያ እንደ ጲላጦስ እጃቸውን የታጠቡ ይመስላቸዋል። ገለልተኛ ወገን ከሌላ ቦታ የሚፈለግ ከሆነ ዘገባውን የጻፈው ማን ወገን ነው ብሎ የጠየቃቸው ግን ያለ አይመስልም።

የዐረፍተ ነገሯ ጉድ ያለው ግሷ ላይ ነው። «ተቻለ» ተደራጊ ግስ ነው፤ ተደራጊ ግስ ደግሞ አድራጊው ሳይጠራ ነገሩን መናገር የሚያስችል በመሆኑ፣ አንባቢው ያልቻለው ማን እንደሆነ፣ ያልቻለውም ሞክሮ ይሁን የስልኩን እጀታ እንኳ ሳያነሳ፣ ከሁሉም በላይ እንዳይቻል ያደረገው ማን እንደሆነ ሳይነገረው ዜናው ይዘጋል። የሰዋስው መምህራን «ባለቤት» የሚሉት የዐረፍተ ነገር ክፍል በጦርነት ዜና ውስጥ የሚጠፋው ደግሞ ባለቤቱ ሊጠየቅ በሚገባበት ቦታ ላይ መሆኑ ከአጋጣሚ በላይ ነው።

ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነቱ ሲፈነዳ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት «ተቋረጠ»፤ መንግሥትና ሕወሓት ማቋረጡን አንዱ በሌላው ላይ ሲያላክኩ ዜናው ባለቤት በሌለው ግስ ተገላገለ። ጋዜጠኞችም ያለ መንግሥት ፈቃድ ወደ ክልሉ እንዳይዘልቁ ተከለከሉ። ኅዳር 19 እና 20 በአክሱም ከተማ የኤርትራ ወታደሮች ሲቪሎችን ሲገድሉ ወሬው በሱዳን ባሉ ስደተኞች አፍና በዘመድ ስልክ እየተንጠባጠበ ቢወጣም፣ በመጣ ቁጥር «አልተቻለም» የምትለው ማኅተም እያረፈችበት ከጠርዝ ተቀመጠ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ግን በምሥራቅ ሱዳን ያሉ ስደተኞችን በአካል፣ አክሱም ውስጥ ያሉትን በስልክ አነጋግሮ፣ የ41 ተራፊዎችንና የዓይን ምስክሮችን ቃል ከሳተላይት ምስል ጋር አመሳክሮ የካቲት 19 ቀን ሪፖርቱን አወጣ። አክሱም ሳይገቡ ማረጋገጥ የሚቻል ከነበረ፣ ብዙው የዜና ክፍል «አልተቻለም» ሲል የነበረው «አልሞከርንም» ለማለት ነበር ማለት ነው።

ማኅተሟ ለሁሉም እኩል ብታርፍ እንኳ ሰበብ በተገኘላት ነበር። ነገር ግን የምታርፈው ቤቱ ተቃጥሎበት፣ ልጁ ተገድሎበት በሚናገር ሰው ቃል ላይ እንጂ በመግለጫ ላይ አይደለም። ሟቹን የቀበረው ገበሬ በዜናው ውስጥ «አለ»፣ ከፍ ካለም «ተናገረ» ይባልለታል፤ ባለሥልጣኑ ግን «አስታወቀ»፣ «ገለጸ»፣ «አረጋገጠ» ይባልለታል። «አስታወቀ» እንዲታወቅ አደረገ ማለት ነውና፣ ሐሰት የሆነን ነገር ማስታወቅ በቋንቋው ሕግ የማይሆን ነገር ሆኖ ሳለ፣ በትግራይ የኤርትራ ወታደር የለም የሚለው ማስተባበያ በዚሁ ግስ ታዝሎ ከአራት ወር በላይ በየማለዳው ሲሰራጭ የገለልተኛ ወገን ያለህ ያለ አርታኢ ብርቅ ነበር። መጋቢት 14 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው በተወካዮች ምክር ቤት የኤርትራ ጦር ድንበር መሻገሩን አመኑ፤ በማግሥቱ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በአክሱም ከ100 በላይ ሲቪሎች በኤርትራ ወታደሮች መገደላቸውን በቅድመ ምርመራ ሪፖርቱ ገለጸ። ከግድያው እስከዚያ ቀን አራት ወር ሊሞላ አምስት ቀን ብቻ ቀርቶ ነበር።

ይኸው ኮሚሽን ጥቅምት 30 በማይካድራ ቢያንስ 600 ሲቪሎች የተገደሉበትን ጭፍጨፋ የተመለከተ የመጀመሪያ ሪፖርቱን ያወጣው በ15 ቀን ውስጥ ነው። በ15 ቀንና በአራት ወር መካከል ያለው ልዩነት የሟቾቹ ክብደት ልዩነት አይደለም፤ ማይካድራን የያዘው ኃይል መርማሪ እንዲገባ የፈቀደ፣ አክሱምን የያዘው ግን ለወራት ያልፈቀደ መሆኑ እንጂ። በሕወሓት ኃይሎች እጅ በወደቁት በቆቦና በጭና፣ በ2013 ማብቂያ አካባቢ የተፈጸመው ግድያም በአምነስቲ ሪፖርት ተሟልቶ የወጣው የካቲት 2014 ላይ ነው። እንግዲህ ማረጋገጥ የሚቻልበትንና የማይቻልበትን ቀን የሚወስነው መሬቱን የያዘው ጠመንጃ ከሆነ፣ «አልተቻለም» ብላ የምታልፍ ዐረፍተ ነገር የጠመንጃውን ውሳኔ እንደ ዝናብና እንደ ጭጋግ የተፈጥሮ ነገር አስመስላ ታቀርበዋለች ማለት ነው። እስራኤል የውጭ ጋዜጠኞች በራሳቸው ወደ ጋዛ እንዳይገቡ ከልክላ ሳለ ከጋዛ የሚወጣ የሟቾች ቁጥር ብቻ በጥርጣሬ ሲታጀብ ያየ አንባቢ፣ በሽታው የአዲስ አበባ አርታኢ ብቻ አለመሆኑን ያውቃል፤ ያ ግን ለአዲስ አበባው አርታኢ ማመካኛ አይሆነውም።

ጋዜጠኛው ያላየውን አየሁ ይበል ወይ የሚል መከራከሪያ መቅረቡ አይቀርም። ማንም እንዲህ አላለውም። ያላየበትን ምክንያት፣ መንገዱን የዘጋውን ወገን በስሙ ጠርቶ፣ የደወለለትን ሰውና የደወለበትን ሰዓት ቆጥሮ ይጻፍ ነው የተባለው፤ ይህ ደግሞ ከአንድ ዐረፍተ ነገር የበለጠ ቦታ አይፈልግም። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በመራዊ ከተማ የተፈጸመው ግድያ በተሰማ ጊዜ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተዘጋ ወራት አልፈው ነበር። ኮሚሽኑ ከ45 ያላነሱ ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን ይፋ ባደረገበት በየካቲት መጀመሪያ፣ አስቀድሞ በወጡት ዘገባዎች ግርጌ ላይ ያቺው የታወቀች ማኅተም አርፋ ነበር፤ ኢንተርኔቱም በዜናው ውስጥ እንደ ልማዱ «ተቋርጧል»።