ሰፊ ጎማ ሲገጠም ነፋሱ ስንት ይሁን?

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ በ37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ወደ 1,400 ሜትር ግድም ሽቅብ ያስወጣል። ልጆቿን አሳፍራ ይህን ዳገትና ቁልቁለት የምትመላለስ እናት ለመኪናዋ ሰፋ ያለ ጎማ ካስገጠመች የነፋሱን ልክ ማወቅ ይገባታል።

በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የነፋስ ቁጥር ጣሪያው እንጂ የሚሞላው መጠን አይደለም። ትክክለኛው መነሻ በሾፌሩ በር ደፍ ላይ የተለጠፈው ነው። የአዲሱ ጎማ ጭነት የመሸከም ቁጥር ከቀድሞው ካነሰ ግን ለዚያ መኪና አይሆንምና ይመለስ።

ልኬቱ ጧት፣ ጎማው ሳይሞቅ ይደረግ። ዳገት ወጥቶ የጋለ ጎማ ነፋሱ ጨምሮ ቢታይም ማስተንፈስ አይገባም፤ ሲበርድ ከልኩ በታች ይወርዳልና።

ከዚያም በጎማው ጥርስ ላይ በጠመኔ አግድም አስምሮ በሜዳ መንገድ ጥቂት መንዳት ነው። ጠመኔው መሐሉ ብቻ ከጠፋ ነፋሱ በዝቷል፤ ዳርና ዳሩ ብቻ ከጠፋ አንሷል። ያነሰ ነፋስ ጎማውን አግሎ ሊያፈነዳው ይችላል፤ የበዛው ደግሞ መሬት የመቆንጠጥ አቅሙን ይቀንሳል።

ስለዚህ ጎሚስታው «ስንት ልሙላ?» ብሎ ሲጠይቅ ቁጥሩን የምትነግረው እናቲቱ ራሷ ትሁን።